የሕንድ ሙስሊሞች በምርጫ ሣጥን ፊት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የሀገራችን ሰው። እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የማይነግረን ነገር አለ፤ አንደኛው ድር ማበሩን ያየ ሌላው ድር በፊናው ቢያብርስ? በቁጥር ያነሰ ማኅበረሰብ በምርጫ ሣጥን ፊት ሲቆም የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ቢበታተን ይረሳል፤ ቢተባበር ይፈራል። ይህን እንቆቅልሽ ለመረዳት የሕንድ ሙስሊሞችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2011 በተካሄደው ቆጠራ የሕንድ ሙስሊሞች 172 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከሀገሪቱ ሕዝብ 14.2 በመቶ መሆናቸው ነው። ስለነዚህ ሰዎች ድምፅ ሲወራ ከፖለቲከኞች አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «የድምፅ ባንክ» የሚባል። እንደ አባባሉ ከሆነ ሙስሊሙ ድምፁን አንድ ላይ አጠራቅሞ ያስቀምጣል፤ ቁልፉን የያዘ ፓርቲ ደግሞ በምርጫ ቀን ወጪ ያደርጋል። የሚገርመው ቃሉ ሲፈጠር ስለ ሙስሊም የተነገረ አልነበረም። በ1955 ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ስለ አንድ የማይሶር መንደር በጻፈው ጽሑፍ የተጠቀመበት፣ የመንደር ባለጠጎች ጭሰኞቻቸውንና ጥገኞቻቸውን እንዴት ለምርጫ እንደሚያሰልፉ ለማስረዳት ነበር። ለመሆኑ «የሙስሊም ድምፅ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር ነበረን?

መስመሩን ማን አሰመረው?

በ1906 በአጋ ካን የተመራ የሙስሊም መሳፍንትና ባላባቶች ልዑክ ሲምላ በምትባለው የተራራ ከተማ ለእንግሊዙ እንደራሴ ለሎርድ ሚንቶ አቤቱታ አቀረበ። ምርጫ የሚመጣ ከሆነ ብዙኃኑ ሂንዱ ይውጠናልና ወኪሎቻችንን ለብቻችን እንምረጥ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙስሊም ሊግ የተባለው ድርጅት በዳካ ተመሠረተ። በ1909 የወጣው ሕግ የተጠየቀውን ፈቀደ። ለሙስሊም በተለዩት መቀመጫዎች የሚወዳደረው ሙስሊም፣ የሚመርጠውም ሙስሊም ብቻ ሆነ። እንግሊዞቹም በነገሩ አልከፉም፤ ለብቻው የሚቆጠር ሕዝብ ለብቻው ይገዛልና።

ይሁን እንጂ የመራጩ መዝገብ ስለተለየ ልቡም አንድ ሆነ ማለት አልነበረም። በ1937 በተካሄደው የክፍላተ ሀገር ምርጫ ሙስሊም ሊግ ከሙስሊም መቀመጫዎች ሩቡን እንኳ ማሸነፍ አልቻለም። የሙስሊሙ ቁጥር በሚበዛባት በፑንጃብ ያገኘው 2 ወንበር ብቻ ነበር። እዚያ ያሸነፈው ሙስሊሙንም ሂንዱውንም ሲኩንም ባለ መሬት ያቀፈው የዩኒየኒስት ፓርቲ ነው። በቤንጋል የፋዝሉል ሐቅ የገበሬዎች ፓርቲ ከሊጉ ጋር ሲፎካከር፣ በሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ የካን አብዱል ጋፋር ካን ተከታዮች ከጋንዲ ኮንግረስ ጋር ቆመው ነበር። ገበሬው እንደ ገበሬ፣ ባላባቱም እንደ ባላባት መረጠ ማለት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ በተካሄዱት ምርጫዎች ሊጉ በማዕከላዊው ሸንጎ ለሙስሊም የተለዩትን 30 መቀመጫዎች አንድ ሳይቀር ወሰደ፤ በክፍላተ ሀገሩም አብዛኞቹን ጠቀለለ። በመካከሉ የሆነው ምንድን ነው? እንግሊዝ ለመውጣት ጓዟን እየሸከፈች ነበር፤ ጥያቄው «ማን ይወክለን?» መሆኑ ቀርቶ «ነገ በማን እጅ እንወድቃለን?» የሚል ሆነ። ፍርሃት የበተነውን ጥቅም ሰበሰበው። ሆኖም ያኔ ድምፅ የነበረው ንብረት ያለው፣ ግብር የከፈለ ወይም የተማረ እንጂ ድሃው ሁሉ አልነበረም። የሙስሊም ሸማኔዎች ማኅበር የነበረው የሞሚን ኮንፈረንስ ክፍፍሉን ቢቃወምም፣ ከሸማኔው አብዛኛው ለምርጫ መዝገብ የሚበቃ ሀብት አልነበረውም።

ጥንድ በሬ

በነሐሴ 1947 ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ሕይወት ጠፋ። በሕንድ የቀረው ሙስሊም 35 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሊጉን የመሩት አብዛኞቹ ወደ ፓኪስታን ሲሻገሩ፣ የቀረው ሕዝብ ባልሄደበት መንገድ የሚጠረጠር ሆነ።

በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ውስጥ የተለየው መዝገብ እንዲቀር ተወሰነ፤ ለሙስሊም መቀመጫ የመከለሉም ሐሳብ በ1949 ተጣለ። ይህን አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ ራሷ ሙስሊም የሆነችው ቤገም አይዛዝ ራሱል ነበረች። የተለየ መቀመጫ አናሳውን ከብዙኃኑ ለዘለቄታው የሚነጥል፣ ራስን የሚጎዳ መሣሪያ ነው ስትል ተሟግታለች። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ለሁሉም አንድ መዝገብ ደነገገ። የተከለለ መቀመጫ የተፈቀደው «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት ዳሊቶችና ለጎሣዎች ነው።

ከ1951 እስከ 1952 በተካሄደው የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ኮንግረስ የቀረበበት ምልክት ቀንበር የተጫነባቸው ጥንድ በሬዎች ነበር። ማንበብ የማይችለው መራጭ በሬውን እያየ ድምፁን ሰጠ። ሙስሊሙም በብዛት በበሬው በኩል ቆመ፤ ኔሩ ከሂንዱ አክራሪዎች ይጠብቀናል ብሎ ስላመነ ነው። በመካ የተወለደው ሊቅ ማውላና አዛድ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ በኔሩ ጎን መቀመጡም እምነቱን አጠናከረ። እንግዲህ «ባንኩ» የተከፈተው ያኔ ነው ሊባል ይችላል። የወለዱ ስሙ ግን ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ሳይሆን ደህንነት ነበር።

ቁልፉ ሲከፈት

ጠባቂው አጥቂ ሲሆን ግን ሙስሊሙ ገንዘቡን ማውጣት አላቃተውም። በ1975 ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀች። ልጇ ሳንጃይ በመራው የቤተሰብ ምጣኔ ዘመቻ ብዙ ሰው በግድ እንዳይወልድ ተደረገ። በሚያዝያ 1976 በአሮጌዋ ዴልሂ፣ ቱርክማን በር አጠገብ፣ የሙስሊሞች መንደር በቡልዶዘር ሲፈርስ ፖሊስ በተቃወሙት ላይ ተኮሰ። በመጋቢት 1977 ምርጫው መጣ። የዴልሂው ታላቅ መስጊድ ኢማም በኮንግረስ ላይ ቀሰቀሰ። በኡታር ፕራዴሽ ከነበሩት 85 መቀመጫዎች ኮንግረስ አንድ እንኳ ሳያገኝ ቀረ፤ ኢንዲራም በገዛ ወንበሯ ተሸነፈች። ልብ እንበል፤ ያን ቀን ሙስሊሙ ለብቻው አልነበረም። ሂንዱው ጎረቤቱም ያንኑ ቁስል ቆስሎ ስለነበር ያንኑ ሣጥን መረጠ።

ሁለተኛው ስብራት የመጣው በ1980ዎቹ ነው። የራጂቭ ጋንዲ መንግሥት በ1986 የሙስሊም ሃይማኖት አባቶችን ለማስደሰት፣ ሻህ ባኖ የተባለች የተፈታች ሴት በፍርድ ቤት ያገኘችውን የቀለብ መብት የሚሽር ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በአዮድያ የባብሪ መስጊድ በር ቁልፍ ለሂንዱ ምእመናን ተከፈተ። ለሁለቱም ወገን ልሰጥ ያለ ፓርቲ ከሁለቱም አጣ። በታኅሣሥ 6 ቀን 1992 መስጊዱ በሰልፈኞች ሲፈርስ ማዕከላዊውን መንግሥት የያዘው ኮንግረስ ነበር። በኡታር ፕራዴሽ በ1984 83 መቀመጫ የነበረው ይህ ፓርቲ በ1998 ዜሮ ላይ ወደቀ። ሙስሊሙ በኡታር ፕራዴሽ ወደ ሙላያም ሲንግ ያዳቭ፣ በቢሃር ወደ ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ ዞረ። ሁለቱም የከብት አርቢዎቹን የያዳቮችን ድምፅ ከሙስሊሙ ጋር አጣምረው ነገሡ።

የሂሳቡ ነገር

እዚህ ላይ የምርጫውን ሕግ ማስታወስ ያሻል። ሕንድ እንደ እኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ሁሉ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያለውን ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። በዚህ ሥርዓት ከአምስት መራጭ አንዱ የሆነ ማኅበረሰብ ሌላው ከተከፋፈለ ንጉሥ አንጋሽ ነው፤ ሌላው ካበረ ግን ዋጋ የለውም።

በ2014 የሆነው ይኸው ነው። የሂንዱ ብሔርተኛው የቢ.ጄ.ፒ. ፓርቲ በመላ ሀገሪቱ 31 በመቶ ድምፅ ይዞ 282 መቀመጫ ሲያሸንፍ፣ ከተመራጮቹ መካከል አንድም ሙስሊም አልነበረም። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህል ሙስሊም በሆነበት በኡታር ፕራዴሽ ከ80ዎቹ መቀመጫዎች ለአንዱ እንኳ ሙስሊም አልተመረጠም። ሙስሊሙ ድምፁን ሳይሰጥ ቀርቶ አይደለም። ድምፁ ተቆጠረ፤ ሰዎቹ ግን አልተቆጠሩም።

በ2024 ደግሞ ሌላ ገጽ ተገለጠ። መስጊዱ በነበረበት ስፍራ የራማ ቤተ መቅደስ በጥር ወር ተመረቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አዮድያ የምትገኝበትን የፋይዛባድ ወንበር ያሸነፈው የተቃዋሚው የሳማጅዋዲ ፓርቲ ዕጩ፣ ዳሊቱ አዋዴሽ ፕራሳድ ነው። ሙስሊሙ ብቻውን ሊያስመርጠው ባልቻለም ነበር፤ ዳሊቱና ያዳቩ አብረው ስለቆሙ ነው። ያም ሆኖ በአዲሱ ምክር ቤት ከ543 መቀመጫዎች ሙስሊሞች የያዙት 24 ብቻ ነበር፤ በ1980 49 ደርሰው ነበር። ወዳጅ ፓርቲዎችም ሙስሊም ዕጩ ማቅረብ ሂንዱ መራጭ ያሸሻል ብለው እየፈሩ የሙስሊሙን ድምፅ ወስደው ሰውየውን ይተውታል።

በደቡብ፣ በኬረላ፣ መንገዱ የተለየ ነው። ሙስሊሙ ከሕዝቡ ሩብ ያህል ሲሆን የራሱ ፓርቲ፣ የሕንድ ኅብረት ሙስሊም ሊግ፣ አለው። ፓርቲው ግን ብቻውን አይቆምም፤ ከሂንዱና ከክርስቲያን ፓርቲዎች ጋር በጥምረት ይገባል፣ ሚኒስትር ያስሾማል፣ ትምህርት ቤት ያስከፍታል። በ1979 መሪው ሲ. ኤች. ሞሐመድ ኮያ ለጥቂት ጊዜ የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር እስከመሆን ደርሶ ነበር። በዚያ ስለ ሙስሊሙ ድምፅ የሚካሄደው ድርድር በመንገድ፣ በደመወዝና በትምህርት ላይ ነው።

እንግዲህ የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየን የሙስሊሙ ድምፅ ከተፈጥሮው አንድ አለመሆኑን ነው። ሰላም ሲሆን እንደ ገበሬነቱ፣ እንደ ሸማኔነቱ፣ እንደ ሀገሩ ሰው ይመርጣል። አንድ የሚያደርገው ስጋት ነው፤ ስጋቱን የሚፈጥሩት ደግሞ አንድ ሆነብን ብለው የሚከሱት ራሳቸው ናቸው። የአናሳ ድምፅ ዋጋ የሚለካውም በገዛ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የተሰለፈው ጎረቤት ማንን እንደመረጠም ይወስነዋል።