ፍቺና ሽማግሌ

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ፣ በክርስቲያኑ ገበሬ ዘንድ በብዛት የተለመደው ጋብቻ የሰማንያ ጋብቻ ነበር። በውል የተመሠረተ ስለሆነ በውል ይፈርሳል፤ ባልም ሚስትም ፍቺ መጠየቅ ይችሉ ነበር። በቁርባን የተጋቡ ግን በቤተ ክርስቲያን ሕግ እስከ ዕድሜ ልክ የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ ከካህናት በቀር ብዙው ሰው ቁርባኑን ለስተርጅና ያቆየው ነበር።

ሰማንያው ከመቀደዱ በፊት የኩርፊያ ጊዜ አለ። ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጠው የሆዳቸውን ያናግራሉ፤ ከአንዱ የሰሙትን ክፉ ቃል ወደ ሌላው አያደርሱም። ከዚያ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ ይጨምራሉ። ይህ መጎተት ዳተኝነት አይደለም፤ እልህ የሚበርደው በዚሁ መካከል ነው። እርቅ ከወረደ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ሽምግልናው ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ የተደበደበችን ሴት «ቻይው» ብሎ ወደ ባሏ የመለሰ ሽማግሌ ጥቂት አልነበረም።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከመኳንንቱ ፍቺ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ፊት ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትልቅ ወይዘሮና በየተራ ባሎቿ የነበሩ ሰባት ወንዶች በአንድ ጉባኤ ማየቱን ጽፏል። እሱ ነገሩን እንደ ልቅነት ቆጠረው፤ ሰባቱ ሳይጣሉ አብረው መቀመጣቸው ግን ከዚያ ያላነሰ የሚያስደንቅ ነው። ልጆች የሚከፋፈሉበትንም ደንብ መዝግቧል፦ በኩር ወንዱ ለእናት፣ በኩር ሴቷ ለአባት፣ የቀሩት ቁጥራቸው ካልተመጣጠነ በዕጣ።

ሽማግሌ የማይገባበት ፍቺም ነበር። ዘውዲቱ ምኒልክ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፣ መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ ከሆኑት ባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ አደረጉ። ራስ ጉግሣ በጌምድር ተሾሙ። ያኮረፈ የለ፣ የሚታረቅ የለ፤ ውሳኔው የመንግሥት ነበር። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በንጉሥ ተፈሪ ጦር ላይ በአንቺም ሲዋጉ ሞቱ፤ ታመው የነበሩት ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልማዱን ወደ ድንጋጌ አስገባው፤ የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሆነ። ይሁን እንጂ ሕጉ እንደ ዝሙት ያለውን ከባድ ምክንያት ለይቶ አስቀመጠ፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ንብረት የሚደርሰው ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። በኩርፊያ ጊዜ ለሽማግሌ ጆሮ ብቻ ይነገር የነበረው በደል በዚህ መንገድ የክርክር ማስረጃ ሆነ፤ የሚቀዘቅዘውን ቂም የሚያሞቅ አሠራር ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ በስምምነት የሚፋቱ ተጋቢዎችም ምክንያታቸውን እንዲገልጹ አይገደዱም። ፍቺው በአንደኛው ወገን ሲጠየቅ ዳኛው ባልና ሚስቱን በአንድነት ወይም ለየብቻ ያነጋግራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ሊመራቸው፣ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ ይሞክራሉ እንጂ ፍቺ አይወስኑም።