ድምፅና ልቡና፤ በሕንድ አገር ማንትራን የመድገም ሥርዓት ታሪክ

በሕንድ አገር የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች በጸሎት፥ በመሥዋዕትና በተመስጦ ጊዜ የሚደግሙት የተቀደሰ ቃል ማንትራ ይባላል። ስሙ የተገኘው በሳንስክሪት ቋንቋ «ማሰብ» የሚል ትርጕም ካለው ግሥ ሲሆን፥ መድረሻው መሣሪያን የሚያመለክት ቅጥያ ነው፤ ስለዚህ ማንትራ ማለት በጥሬው የማሰቢያ መሣሪያ ማለት ነው። ሆኖም ይህ የማሰቢያ መሣሪያ የሚሠራው በድምፅ ነው። ከዚህም የተነሣ የሕንድን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያከራከረ ጥያቄ አለ፤ የማንትራ ኀይል የሚገኘው ቃሉ ሳይዛባ በመነገሩ ነውን፥ ወይስ ደጋሚው የሚለውን ዐውቆ ልቡናውን በመሰብሰቡ? ይህ ጥያቄ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሦስት ሺሕ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ቅዱስ ቃል እንዴት እንደተጠበቀና ማን ይማረው ዘንድ እንደተፈቀደለት ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ መነሣት አለበት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ጥንታውያኑ ማንትራዎች የሚገኙት በአራቱ ቬዳዎች፥ ይኸውም በሪግ ቬዳ፥ በያጁር ቬዳ፥ በሳማ ቬዳና በአታርቫ ቬዳ ነው። በዕድሜ ሁሉን የሚቀድመው ሪግ ቬዳ በ10 ክፍል የተመደቡ 1028 መዝሙሮች አሉት፤ አብዛኞቹም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ እንደተደረሱ ይገመታል። በሕንድ ግን ተነብቦ ትርጕሙ የታወቀ ጽሕፈት በብዛት የሚታየው በንጉሥ አሾካ ዘመን፥ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ጽሕፈት ከታወቀም በኋላ ብራህሚን የተባሉት የካህናት ወገኖች ቬዳን ለመጻፍ አልቸኰሉም። በሰባተኛው መቶ ዓመት ሕንድን የጐበኘው ቻይናዊ መነኵሴ ዪጂንግ፥ ቬዳ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ አፍ እንጂ በወረቀት አለመሆኑን መስክሯል። በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው አል ቢሩኒም ምክንያቱን ሲገልጽ፥ ቬዳ በልዩ ልዩ የድምፅ አጣጣል የሚደገም ስለሆነ ብራህሚኖቹ ብዕር ስሕተት ያስከትላል ብለው ይሸሹታል ይላል።

የብራህሚን ልጅ በሕግ መጻሕፍቱ መሠረት በስምንት ዓመቱ ገደማ የተቀደሰውን ክር ታጥቆ ለመምህሩ፥ ማለት ለጉሩው፥ ይሰጣል። መምህሩ አንዲት ሐረግ ይላል፤ ደቀ መዝሙሩ በሰማበት ድምፅ መልሶ ይደግማል፤ እንዲህም እየተባለ ቃሉ በቃል እስኪያዝ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ታይቲሪያ የተባለው ኡፓኒሻድ የአነጋገርን ትምህርት በስድስት ይከፍለዋል፤ እነዚህም የፊደሉ ድምፅ፥ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፥ የአናባቢው ርዝመትና እጥረት፥ የአነጋገሩ ጕልበት፥ የፍጥነቱ መመጣጠንና የቃላቱ መያያዝ ናቸው። ከስድስቱ እጅግ የሚያስቸግረው ከፍታና ዝቅታው ነው። ከፍ ያለው ድምፅ ኡዳታ፥ ዝቅ ያለው አኑዳታ፥ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚወርደው ስቫሪታ ይባላል። በአገራችን የግእዝ ንባብ ተነሽ፥ ተጣይ፥ ሰያፍና ወዳቂ እየተባለ እንደሚለይ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም፤ ነገር ግን የግእዙ ንባብ በተለይ የሚታወቀው ቃሉን በማጥበቅና በማላላት፥ በማንሣትና በመጣል ሲሆን፥ የቬዳው ዋና ነገር የድምፁ መቅጠንና መወፈር ነው።

ይህን ትምህርት ለመጠበቅ ሲባል ሺክሻ የተባለ የአነጋገር ጥናት ተመሠረተ። የጥናቱ ሊቃውንት ድምፆችን ከጕሮሮ ጀምረው በላንቃና በጥርስ በኩል እስከ ከንፈር ድረስ በሚወጡበት ስፍራ አሰለፏቸው፤ የሳንስክሪት ፊደል ተራም እስከ ዛሬ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ታላቁ ሰዋስወኛ ፓኒኒ አራት ሺሕ የሚጠጉ አጫጭር ሕግጋቱን የደረሰው ይህ የድምፅ ጥናት በተስፋፋበት አካባቢ ነው። በስሙ የሚጠራው የሺክሻ መጽሐፍ ቃልን የሚናገር ሰው ፊደሉን እንዴት መያዝ እንደሚገባው በነብር ምሳሌ ያስረዳል፤ እናቲቱ ግልገሎቿን በጥርሷ ስትሸከም እንዳይወድቁ አጥብቃ፥ እንዳይቈስሉም አላልታ እንደምትይዝ፥ ደጋሚውም እንዲሁ ማድረግ አለበት።

በሳንስክሪት ቃላት ጐን ለጐን ሲሰለፉ የአንዱ መድረሻና የሌላው መነሻ ይዋሐዳሉ፥ ይለዋወጣሉም። ስለዚህ በአንድነት ብቻ የሚደገም ቃል ከጊዜ በኋላ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሊረሳ ይችላል። ለዚህ መድኀኒት እንዲሆን ሻካልያ የተባለው ሊቅ የሪግ ቬዳን ቃላት አንድ በአንድ እየለያየ የሚደገምበትን ሥርዓት አበጀ፤ ይህም ፓዳ ይባላል። ከዚያም ቃላቱን እያጠላለፉ የመድገም ሥርዓቶች ተከታተሉ። ሦስት ቃላት ሀ፥ ለ፥ ሐ ቢሆኑ፥ ክራማ የተባለው ሥርዓት ሀለ፥ ለሐ ብሎ ይሄዳል። ጃታ የተባለው ሀለ፥ ለሀ፥ ሀለ፤ ለሐ፥ ሐለ፥ ለሐ ይላል። ከሁሉም የሚከብደው ግሃና ደግሞ ሀለ፥ ለሀ፥ ሀለሐ፥ ሐለሀ፥ ሀለሐ ካለ በኋላ ወደ ቀጣዩ ቃል ይሻገራል። በዚህ ዐይነት በስንኝ መካከል ያለ አንድ ቃል 13 ጊዜ ይነገራል። አንዲት ፊደል ብትጐድል ወይም ቦታዋን ብትለቅ ወዲያውኑ ትያዛለች። ቃሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ትርጕም የለውምና፥ ይህ ሥርዓት የተሠራው ለማስተዋል ሳይሆን ለጥበቃ መሆኑ ግልጽ ነው።

ስሕተት ይህን ያህል የተፈራበትን ምክንያት አንድ ጥንታዊ ታሪክ ያስረዳል። ትቫሽትሪ የተባለው አምላክ ልጁን የገደለበትን ኢንድራን ለመበቀል መሥዋዕት አቅርቦ ገዳዩን የሚገድል ፍጡር እንዲወለድ ለመነ። በልመናው የተናገረው «ኢንድራሻትሩ» የሚል ጥምር ቃል፥ ከፍ ያለው ድምፅ በመጨረሻው ላይ ሲውል «የኢንድራ ገዳይ»፥ በመጀመሪያው ላይ ሲውል ግን «ኢንድራ የሚገድለው» ማለት ይሆናል። ትቫሽትሪ ድምፁን በመጀመሪያው ላይ አነሣው፤ የተወለደውም ቭሪትራ በኢንድራ እጅ ሞተ። ሰዋስወኞች ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሡት የአነጋገር ትምህርት ለጌጥ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ጥበቃው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ ጋያትሪ ከተባለው ማንትራ ይታያል። በሪግ ቬዳ በሦስተኛው ክፍል የሚገኘውና ሳቪትሪ ለተባለው የፀሐይ አምላክ የቀረበው ይህ ስንኝ ለልጁ ክር በሚታጠቅበት ቀን የሚሰጠው ነው። በምጣኔው ሕግ ሦስት ቤት፥ እያንዳንዱም ቤት ስምንት ቀለም ሊኖረው ሲገባ፥ የመጀመሪያው ቤት ሲደገም የሚሰማው ግን ሰባት ቀለም ነው። በቤቱ መጨረሻ ያለው «ቫሬንያም» የሚለው ቃል በደራሲው ዘመን «ቫሬኒያም» ተብሎ በአራት ቀለም ይነገር እንደነበረ ሊቃውንት ከምጣኔው ተረድተዋል። ደጋሚዎቹ ቃሉን ለምጣኔው ሲሉ አላስተካከሉትም፤ እንደተቀበሉት ጠበቁት። አንድ ወገን ይህን ግትርነት ይለው ይሆናል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ጠባቂው ከራሱ ምንም እንዳልጨመረ የሚያረጋግጥ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ድምፅን ብቻ መጠበቅ ይበቃልን? ካውትሳ የተባለ ጥንታዊ ሊቅ፥ የማንትራ ቃላትና ተራቸው የማይለወጡ በመሆናቸው፥ አንዳንዶቹም እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑና ስለሚሰወሩ፥ ማንትራ ትርጕም የለውም ብሎ ነበር። ያስካ ኒሩክታ በተባለው መጽሐፉ ይህን አንሥቶ ሲመልስ፥ ዕውር ምሰሶውን ባያይ ጥፋቱ የምሰሶው አይደለም አለ። ቬዳን በቃሉ ይዞ ትርጕሙን የማያውቀውንም ሰው ሸክም ከተጫነበት ግንድ ጋራ አመሳሰለው። የፓኒኒ ስም ያለበት የሺክሻ መጽሐፍም ከመጥፎ ደጋሚዎች መካከል የሚያንጐራጕረውን፥ የሚቸኵለውን፥ ራሱን የሚነቀንቀውን፥ ከጽሕፈት የሚያነበውንና ድምፁ የሚያንሰውን ሲቈጥር፥ ትርጕሙን የማያውቀውንም ከእነርሱ ጋራ ደምሮታል። ትምህርቱ ሁልጊዜ አልተፈጸመም፤ አል ቢሩኒ ብዙዎቹ ብራህሚኖች ቬዳን ሳያስተውሉት እንደሚደግሙት ታዝቧል። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በደቡብ ሕንድ በቪጃያናጋራ መንግሥት የነበረው ሳያና ለሪግ ቬዳ ሙሉ ትርጓሜ መጻፉ ይህን ጕድለት በመጠኑ ሞልቶታል።

ልቡናን የመሰብሰብ ትምህርት ደግሞ ከመሥዋዕቱ ስፍራ ወጥቶ በተመስጦ ሥርዓት ውስጥ አደገ። አንዱን ማንትራ ደጋግሞ መናገር ጃፓ ይባላል። የማኑ የሕግ መጽሐፍ ጃፓን ከመሥዋዕት ሥርዓት በዐሥር እጅ ያስበልጠዋል፤ ለሌላ ሰው ሳይሰማ በከንፈር ብቻ የሚባለውን በመቶ እጅ፥ በልብ ብቻ የሚባለውን በሺሕ እጅ ከፍ ያደርገዋል። ይህ አስገራሚ መሰላል ነው፤ በድምፅ ጥራት ላይ የተመሠረተው ትምህርት መጨረሻው ዝምታ ሆነ። የፓታንጃሊ የዮጋ መጽሐፍም ኦም የተባለውን ቃል መድገምና በትርጕሙ ላይ ማሰላሰል ሁለቱን በአንድነት ያዝዛል፤ ከዚህም የተነሣ ሕመም፥ ጥርጥርና ስንፍና የመሳሰሉት መሰናክሎች ይወገዳሉ ይላል። ደጋሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትንፋሹን ያስተካክላል፤ 108 እንክብል ያለበትን መቍጠሪያ አንድ በአንድ ያሳልፋል፤ ከዋናው እንክብል ሲደርስ አልፎት አይሄድም፥ ዞሮ ይመለሳል። እጁ ቍጥሩን ሲይዝለት ልቡናው ከቃሉ ጋራ ይቀራል። ነገር ግን በልቡ የሚደግመው ቃል አስቀድሞ ከመምህር አፍ በትክክል የሰማው መሆን አለበት፤ ያልተሰማ ድምፅ በዝምታ ውስጥ ሊታሰብ አይችልምና።

ይህ ጥብቅ ሥርዓት ግን ብዙዎችን በውጭ አስቀርቷል። የሕግ መጻሕፍት ለሹድራ ወገኖች ቬዳን መማር ከለከሉ፤ ሴቶችም በብዛት ከትምህርቱ ተለዩ። የጋውታማ የሕግ መጽሐፍ ቬዳን ሆን ብሎ ባዳመጠ ሹድራ ጆሮ ቀልጦ የፈላ ቈርቈሮ እንዲፈስስበት እስከ ማዘዝ ደርሷል። በአጥሩ ላይ ሁለት በሮች የተከፈቱት በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። ማክስ ሙለር ከ1849 እስከ 1874 ባለው ጊዜ ሪግ ቬዳን ከሳያና ትርጓሜ ጋራ በስድስት ቅጽ አሳተመ፤ ዳያናንዳ ሳራስቫቲም በ1875 በቦምቤይ አርያ ሳማጅ የተባለውን ማኅበር መሥርቶ ቬዳ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው ብሎ አስተማረ።

የጥንቱ ክርክር ግን አልተዘጋም። በ1975 በኬራላ በፓንጃል መንደር ናምቡዲሪ የተባሉት ብራህሚኖች 12 ቀን የሚፈጀውን ታላቅ የእሳት መሥዋዕት ሲፈጽሙ ሥርዓቱን በፊልምና በድምፅ እንዲመዘገብ ያስደረገው ሆላንዳዊው ሊቅ ፍሪትስ ስታል፥ ማንትራ ከቋንቋ ይልቅ የወፍ ዝማሬን እንደሚመስል፥ ሥርዓት እንጂ ትርጕም እንደሌለው ጽፏል፤ ይህም የካውትሳ ድምፅ ዳግመኛ መሰማቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2003 የቬዳን ድጋም ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች መካከል ቈጥሮ፥ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በዚያው መዝገብ እንደተመለከተው፥ ቀድሞ ከሺሕ በላይ ከነበሩት የድጋም ወገኖች የተረፉት 13 ብቻ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ድምፁን የጠበቁት ሰዎች ሁሉ ትርጕሙን አላወቁም፤ ቢሆንም እነርሱ ሳይለውጡ ስላስረከቡት ያስካና ሳያና የሚተረጕሙት ቃል አገኙ። ትርጕም ጠፍቶ በድምፁ ምርመራ ሊመለስ ይችላል፤ የጠፋ ድምፅ ግን ከትርጕሙ አይመለስም። በአንጻሩም ቃሉን ከስሕተት የጠበቀው ጥብቅነት ተቀባዮቹን ከጥቂት ወገን እንዳያልፉ ስላደረገ፥ ያ ጥቂት ወገን ልጆቹን ወደ ሌላ ትምህርትና ወደ ሌላ ሥራ በላከ ጊዜ ቃሉን የሚረከብ ሰው ታጣ። መጽሐፉ ታትሟል፥ ድምፁም ተቀርጿል። ሆኖም የደቀ መዝሙሩን ስሕተት ሰምቶ የሚያርመው የመምህር ጆሮ ነውና፥ የቀሩት 13 ወገኖች ዕድል በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በመምህርና በደቀ መዝሙር ቍጥር ይወሰናል።