የደጋ ሯጭ በሐሩር አገር

በላሊበላ ከተማ ራስጌ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከግርጌዋ ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው ቈላ ተዘርግቷል። የላስታ ሰው ማለዳ ውርጭ ረግጦ ተነሥቶ ቈላ ሲደርስ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳልና፣ ደጋና ቈላ ለሰው አካል ሁለት ልዩ ልዩ አገሮች መሆናቸውን የሚያስተምረው አያሻውም። ጥንት ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡት ነጋዴዎችም የቀኑን ቃጠሎ ሸሽተው ሌሊትና ማለዳ መጓዝን፣ በቀትርም ማረፍን ያውቁ ነበር። የስፖርት ዓለም ግን ይህንኑ እስኪማር ድረስ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል።

ይኸውም በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ የሆነው ነው። የማራቶኑ ሩጫ ሐምሌ 7 ቀን በጠራራ ፀሐይ ተጀመረ፤ ቀዝቃዛ በምትባለው በስዊድን አገር የዚያ ቀን ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቶ ነበር። ፍራንሲስኮ ላዛሮ የተባለው የፖርቱጋል ሯጭ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ሰውነቱን ስብ ተቀብቶ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ የላቡን በር በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ከጀመሩትም ሩጫውን የፈጸሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሺዞ ካናኩሪ የተባለው ጃፓናዊ ሙቀቱ አድክሞት ለዳኞች ሳይነግር ስለ ቀረ፣ ስዊድኖች እንደ ጠፋ ሰው ቈጥረውት ኖሩ። በ1959 ዓ.ም. በሽምግልናው ተጋብዞ የቀረውን መንገድ ሲፈጽም ሰዓቱ 54 ዓመት ከ8 ወር ተብሎ ተመዘገበለት። የካናኩሪ ነገር ያስቃል፤ የላዛሮ ግን አያስቅም። በዚያ ዘመን በሩጫ መካከል ውሃ መጠጣት ያደክማል ብለው የሚያስተምሩ አሠልጣኞች ብዙ ነበሩ።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ የማራቶኑ ቀን ኅዳር 22 ሞቃት ቀን ነበር። ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ባይሰለፉም ሁለቱም ሩጫውን ፈጽመዋል፤ ይህ በሚገባው መጠን የሚነገርላቸው አይመስለኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ በሮም የሆነውን ሁሉ ሰው ያውቃል። ስለ አበበ ቢቂላ ባዶ እግር ብዙ ተጽፏል፤ ሩጫው ስለ ተጀመረበት ሰዓት ግን ጥቂት ነው የሚነገረው። ከዚያ ሩጫ አሥራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ክኑድ ዬንሰን የተባለ የዴንማርክ ብስክሌት ጋላቢ በዚያው በሮም በብርቱ ሙቀት ውስጥ ሲወዳደር ወድቆ ሞቶ ነበር። የማራቶኑ ሩጫ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ ከቀኑ በ11 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር ተወስኖ ስለ ነበር፣ ሯጮቹ ፀሐይዋን ወደ ማታ ሸኝተው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን ሮጡ። አበበም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። እርሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የደከሙበትን ዝግጅት ማንም አያሳንሰውም፤ ሆኖም የደጋው ልጅ ከቀትር ፀሐይ ጋር ሳይሆን ከምሽት ነፋስ ጋር እንደ ሮጠ መዘንጋት የለበትም።

በ1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሲያሸንፍ የከተማይቱ ከፍታ 2,240 ሜትር ነበርና ደጋነቱ ጠቀመው። ላሊበላ ደግሞ ከዚህም ከፍ ብላ ወደ 2,500 ሜትር ትደርሳለች። በስስ አየር የሚኖር ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ ይበረክታል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከላሊበላ ተነሥቶ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ ሯጭ በከፍታው ልዩነት ብቻ 16 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመርበታል። ደሙ ተዘጋጅቷል፤ ቆዳው ግን አልተዘጋጀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ለሩጫ የሚውለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ይህን ሙቀት ከሰውነት የሚያስወጣው በዋነኛነት ላብ ነው፤ ላብም የሚያቀዘቅዘው በመፍሰሱ ሳይሆን በመትነኑ ነው። በላስታ ደረቅ አየር ላብ ቶሎ ይተናል። እርጥበት በበዛበት በባሕር ዳር አየር ግን ሳይተን እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ ሯጩ ውሃውንና ጨውን ያጣል እንጂ ሙቀቱ አይለቀውም።

የዚህ ማስረጃ በዶሃ ታየ። መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ተጀመረ፤ ይሁን እንጂ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቅ ነበር፤ እርጥበቱም ከ70 በመቶ አለፈ። ከተነሡት 68 ሴቶች 28ቱ አልፈጸሙም፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ስምንት ቀን ቆይቶ የወንዶቹ ሩጫ ቀለል ባለ አየር ሲደረግ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በ4 ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆኑ። ያው ሌሊሳ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሳፖሮ እርጥበታማ ጧት ሩጫውን ሳይፈጽም ወጣ፤ ከእርሱ ጋር የተሰለፉት ሁለቱ ወገኖቹም እንዲሁ። እንግዲህ የጀግንነት ጕድለት ነው የሚል ቢኖር፣ በዶሃ ያሸነፈው ይኸው ሰው መሆኑን ያስታውስ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ግን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀኖች በሙቀት ውስጥ በየዕለቱ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ እያለ የሚሮጥ ሰው ላቡ ፈጥኖ መውጣት ይጀምራል፤ በላቡም የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የደሙ ፈሳሽ ይበዛል፤ የልቡ ምትም ይረጋጋል። ይህ ሁሉ ወደ ደጋ በተመለሰ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋልና ዓመት ሙሉ የሚያገለግል ስንቅ አይደለም። የላስታ ወጣት ወደ ቈላው ወርዶ መለማመድ ይችላል፤ ይህ ካልሆነለት ከልምምድ በኋላ በሞቀ ውሃ መታጠብና መዘፍዘፍ ይረዳዋል። ውሃም በልክ ነው፤ ጥማትን ተከትሎ መጠጣት ይገባል እንጂ ያለ ጨው ውሃ ብቻ ሲያጋፉ መዋል የደምን ጨው አቅጥኖ ይገድላል።

ሯጭ በሙቀት ውስጥ ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲወላገድ፣ የሚሄድበትን ሲስት ከታየ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላልና፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ሩጫው በዚያው ያበቃል። ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ ወይም በመኪና ጭኖ መሮጥ አስቀድሞ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በቅድሚያ ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ያለበት የውሃ ገንዳ ቢኖር እስከ አንገቱ ይነከር፤ ራሱም ይደገፍ። ገንዳ በማይገኝበት ሜዳ ልብሱን አውልቆ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ሳያቋርጡ እያፈሰሱበት፣ ሁለት ሰዎች በነጠላ ያራግቡለት፤ አእምሮውም እስኪመለስ ድረስ በአፉ ምንም አይሰጠው።