ጠላትን የሚውጡ የሰውነታችን ዘበኞች

በሰውነታችን ውስጥ ሌሊትና ቀን የማያንቀላፉ ዘበኞች አሉ። እነርሱም ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ሲሆኑ ወደ ሥጋችን የሚገቡትን ተሐዋስያን ከበው ይውጣሉ። ስማቸው ፋጎሳይት ነው፤ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ «በላተኛ ሕዋስ» ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ዕውቀት ዛሬ ከመጽሐፍ በቀላሉ እናገኘዋለን፤ የተገኘው ግን በብዙ ክርክር ነው።

በ1882 ዓ. ም. (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለ የመስኮብ ሊቅ በኢጣልያ አገር በመሲና ሳለ፣ ገላው እንደ መስተዋት ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ ማለዳ ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ።

ይሁን እንጂ ብዙ ሊቃውንት ተቃወሙት። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ የደም ውኃ ራሱ መርዝን እንደሚያከሽፍ ባስረዱ ጊዜ ክርክሩ በረታ። በ1903 ግን ራይትና ዳግላስ የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሐኪሞች፣ በደም ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ተሐዋስያንን ለሕዋሳቱ ለመዋጥ እንዲመቹ እንደሚያዘጋጃቸው አሳዩ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ስለዚህ በ1908 ሜችኒኮፍና የደም ውኃን ወገን የያዘው ፓውል ኤርሊኽ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ነገር ግን ዘበኛውም የሚሸነፍበት ጊዜ አለ። የሳምባ ነቀርሳ፣ እንዲሁም በመተማና በሁመራ ቆላ የሚገኘው የካላዛር ተሐዋስያን ከተዋጡ በኋላ ሳይሞቱ በዚያው ሕዋስ ውስጥ ይራባሉ። በረሃብ የተጎዳ ሰው ደግሞ በሁለቱም ይበልጥ ይጠቃል። እንግዲህ ዘበኛችንን መቀለብ የእኛው ፋንታ ነው።