የድምጿ ገቢ የት ዋለ?

እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሴቶች የሰው ታሪክ ስናነብ «ገቢው የት ዋለ?» ማለታችን አይቀርም። ሕንዳዊቷ ድምፃዊት ኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚ በ1916 እ.ኤ.አ. በማዱራይ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ቪና የተባለ የክር መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። በቤተ መቅደስ ሲያዜሙ የኖሩት የወገኖቻቸው ሴቶች በዘመኑ ይናቁ ነበር። እሳቸው ግን የደቡብ ሕንድን ጥንታዊ ዜማ ይዘው በ1966 በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ አዜሙ። ከብዙ ኮንሰርቶቻቸውና ከሸክላዎቻቸው የተገኘውን ገንዘብ ለበጎ ሥራ ሰጡ። በ1974 የማግሳይሳይን ሽልማት ያገኙትም በሕዝብ አገልግሎት ዘርፍ ነው። በ1998 የሕንድን ከፍተኛ ሽልማት ባራት ራትናን ከሙዚቀኞች ሁሉ ቀድመው ተቀበሉ። በ2004 አረፉ።

እህቶች፣ የተናቀ ሙያ ከራስ ጓዳ አልፎ ለሌላው እንደሚተርፍ ከእሳቸው እንማራለን። እንግዲህ የእጃችንን ሥራ ትንሽ ነው አንበል።