መሾምና መሻር፦ የፋሺስት ባለሥልጣናት ጉዳይ በናይሮቢና በአዲስ አበባ፣ 1941–1943

በ1941 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል አላን ካኒንግሃም ጦር ሶማልያን አቋርጦ ኤፕሪል 6 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ጦሩን ተከትሎ የመጣው አስተዳደር የእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» የሚል ነበር። ዋና የፖለቲካ ሹሙ የቀድሞው የዩጋንዳ ገዥ ሰር ፊሊፕ ሚቸል ሲሆኑ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ናይሮቢ ነበር። ስሙ በናይሮቢ ተራ የሕግ ቃል ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ጆሮ ይወጋል። በዘመኑ አማርኛ «ጠላት» ያለ ቅጽል ሲነገር ጣልያን ማለት ነውና፦ ዘመኑ «የጠላት ጊዜ»፣ ወረራው «የጠላት ወረራ» ይባላል። በመሥሪያ ቤቱ ስም ግን ጠላት የምድሪቱ ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል።

ይህ የቃላት ጠብ ብቻ አልነበረም። ብሪታኒያ በ1938 የኢጣልያን ድል አድራጊነት በሕግ አውቃ ነበር። አንቶኒ ኢደን በፌብሩዋሪ 1941 ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ቢቋቋም መንግሥታቸው በደስታ እንደሚቀበለው ለምክር ቤት ቢያስታውቁም፣ የጦር አስተዳደሩ የሠራው በ1907ቱ የሄግ ደንብ ነው። በዚያ ደንብ 43ኛ አንቀጽ መሠረት ያዥው ኃይል፣ ፈጽሞ ካልተከለከለ በቀር፣ በአገሩ የሚሠራበትን ሕግ ማክበር አለበት። ሕጉ ከቀጠለ ሕጉን የሚያስፈጽመውም ሰው ይቀጥላል። በአሥመራ የኢጣልያ ሲቪል ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰው እጥረቱም ታክሎበት። ስለዚህ ፋሺስቶችን ከሹመት የማንሣት ጥያቄ በምሥራቅ አፍሪካ የተነሣው ገና በአውሮፓ ሳይነሣ ነው ማለት ይቻላል፤ የተነሣውም በሌላ ጥያቄ ውስጥ ተሸፍኖ ነው፦ መሻር የማን ሥልጣን ነው?

በአማርኛ «ሾመ» እና «ሻረ» ተነጣጥለው የማይኖሩ ግሦች ናቸው፤ «ሹመት ሽረት»፣ «ሹም ሽር» የሚሉት ጥምረቶች ይህን ያሳያሉ። «ሻረ» ሰፊ ቃል ነው፤ ቁስል ይሽራል፣ ሕግ ይሻራል፣ ሰንበት የሻረ ይወቀሳል። ስለ ባለሥልጣን ሲነገር ግን አድራጊው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚሽረው የሚሾመው ነው። በዚህ አነጋገር ሾሚው ሳይታወቅ ሹም የሚነሣበት መንገድ የለም። የናይሮቢው አስተዳደር ያቆመው ሥርዓት ደግሞ በትክክል ይህንኑ ይመስል ነበር፤ የሉዓላዊነቱ ጉዳይ እስከ ሰላም ውል ታግዶ የባለሥልጣናቱ ጉዳይ በእለት ተዕለት ትእዛዝ ይካሄዳል።

ግጭቱ ብዙ አልዘገየም። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ፤ ሜይ 11 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። የሚቸል ምክትል የነበሩት ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ሹመቱ ሊጸና አይችልም ሲሉ ተቃወሙ። ነገሩ የበረደው ተሿሚዎቹ በብሪታኒያ በኩል እንደ አማካሪ እንዲቆጠሩ በመደረጉ ነው። አንዱ ሰው በአማርኛ «ሚኒስትር»፣ በእንግሊዝኛ «አማካሪ» ሆኖ ወራት አለፉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ቃል ይዘው መኖር የቻሉት ሁለት ቋንቋ ስለነበረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ሚቸል በአዲስ አበባ የፈረሙት ስምምነት ይህን ዘጋ። በማርች መጨረሻ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መታተም ሲጀምር መሾምና መሻር ወደ አማርኛው ዓምድ ተመለሰ። ጣልያኖቹም ተነሡ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በበርበራ በኩል በመርከብ ወደ አገራቸው ሲሸኙ፣ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ወደ ኬንያ የምርኮኛ ካምፖች ተላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለሙያቸው የፈለጓቸው ጥቂቶች ግን ቀሩ። የመጨረሻው የታወቀ እንደራሴ፣ የአኦስታው መስፍን፣ በማርች 1942 ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ሞቶ ኒየሪ ተቀበረ። በ1943 ከናንዩኪ ካምፕ አምልጦ የኬንያን ተራራ ወጥቶ የተመለሰው ፌሊቼ ቤኑዚም በኢትዮጵያ የቅኝ አገዛዙ ሠራተኛ የነበረ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ከቦታቸው የተነሡት በፋሺስትነታቸው ሳይሆን በጣልያንነታቸው ነው፤ ማን የፓርቲ አባል ነው ብሎ የለየ አልነበረም።

ለኢትዮጵያውያኑ የተሰጠው ቃል ሌላ ነው። «ፋሺስት» ለአገር ሰው አይነገርም፤ የሚነገረው «ባንዳ» ነው። በጣልያንኛ ቃሉ መደበኛ ያልሆነውን የአገር ተወላጅ ጦር ጓድ ይሰይማል። በአማርኛ ከጓዱ ወደ ግለሰቡ፣ ከግለሰቡም ወደ ጠባዩ ተሸጋግሮ «ባንዳነት»ን ወለደ። ስለ መኳንንቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የቆየው ግስ ነው፤ «ለጣልያን ገቡ» ይባላል። በልዩነቱ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። መግባት ድርጊት ነው፤ የገባ ሊወጣ ይችላል። ባንዳ ስም ነው፤ ከሰውየው ጋር ይኖራል። ለጣልያን ገብተው የነበሩት ራስ ሥዩም መንገሻ በ1947 የትግራይ ገዥ ሆነው ሲሾሙ፣ ቋንቋው ለእንዲህ ያለው መመለስ በሩን አስቀድሞ ከፍቶ የነበረ ይመስላል። ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ያሉት ሕዝቡ በጣልያኖቹ ላይ እንዳይነሣ ነበር፤ የጠቀመው ግን ለገቡት መኳንንትም ጭምር ነው። በዱር የቆየው አርበኛ ይህን በቅሬታ ማየቱ አያስደንቅም፤ የጎጃሙ በላይ ዘለቀ በ1945 በስቅላት የሞተው በዚህ ቅሬታ ዘመን ነው።

በኦክቶበር 1943 ሞሎቶቭ፣ ኢደንና ኮርዴል ሃል ሞስኮ ላይ ተሰበሰቡ። ስለ ኢጣልያ ባወጡት ባለ ሰባት ነጥብ መግለጫ፣ ፋሺስቶችና የፋሺስት ደጋፊዎች ከአስተዳደርና ከሕዝባዊ ድርጅቶች ሁሉ እንዲወገዱ ተወሰነ። በዚያ ሰዓት የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬትሮ ባዶሊዮ ነበር፤ በ1935–36 ጦርነት መርዝ ጋዝ የተረጨው በእርሱ አዛዥነት ነው፤ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግም ተቀብሎ ነበር። ለተባባሪዎቹ «ፋሺስት» የአንድ ድርጅትና የአንድ ሥርዓት ሰው ነው፤ ሙሶሊኒን ያወረደውን መንግሥት የሚመራ ሰው በዚህ ሚዛን አይወድቅም። በአማርኛ «ፋሺስት» የወረራው ቅጽል ነው፤ «ፋሺስት ኢጣልያ» ማለት በ1935 ድንበር የጣሰችው ኢጣልያ ናት። በዚህኛው ሚዛን ከባዶሊዮ በፊት የሚጠራ ስም ብዙ አይገኝም። በ1942 የተባበሩት መንግሥታትን መግለጫ የተቀበለችው ኢትዮጵያ በሞስኮው ጠረጴዛ አልነበረችም፤ በዚያው ጉባኤ ስለ ጭካኔ የወጣው ሌላው መግለጫም የተናገረው ስለ ጀርመኖች ነው።

የሞስኮው ውሳኔ በኢጣልያ ምድር ሲሠራበት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ዳግም ይታያሉ። በሲሲሊ የተባባሪዎቹን የጦር አስተዳደር ያቋቋሙት ሎርድ ሬኔል በሚቸል መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሊሾሙ አይችሉም ያሉት ላሽም በኢጣልያ የተባባሪዎቹ ኮሚሽን ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኑ፤ አሁን በእጃቸው ካሉት ሥራዎች አንዱ መሻር ነበር።

ኢትዮጵያ የባዶሊዮንና የሮዶልፎ ግራዚያኒን ስም በ1948 በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን መዝገብ አስገባች፤ ፍርድ ቤት ግን አልቆመላትም። ግራዚያኒን በ1950 የፈረደበት የኢጣልያ የጦር ፍርድ ቤት ነው። የ19 ዓመት እስራት ተፈርዶበት ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። የተፈረደበትም በአዲስ አበባ ስላደረገው አይደለም፤ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፦ በአማርኛ ቢመለስ፣ በባንዳነት።