የኤርባግ ጥገና ጥንቃቄዎች

የኤርባግ ጥገና ጥንቃቄዎች የሚባሉት፣ በተሽከርካሪ መሪ፣ ዳሽቦርድ፣ ወንበርና የጣሪያ ጠርዝ ውስጥ ተጣጥፈው በተቀመጡ የአየር ከረጢቶች ላይ ወይም በአቅራቢያቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከረጢቱ ያለ ግጭት እንዳይፈነዳ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜም ሳይፈነዳ እንዳይቀር የሚከተሏቸው የሥራ ደንቦች ናቸው። ከረጢቱን የሚነፋው በአብዛኛው ጠጣር ኬሚካል ሲቃጠል የሚወጣ ጋዝ ሲሆን፣ ቃጠሎውን የሚያስጀምረው ስኩዊብ የተባለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መለኮሻ ነው። መለኮሻው የሚታዘዘው በሚደርሰው ኤሌክትሪክ ብቻ በመሆኑ ኃይሉ ከግጭት ይምጣ ከመካኒክ ስህተት አይለይም፤ ከተለኮሰ በኋላም ከረጢቱ ከሰከንድ ሃያኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ተነፍቶ ስለሚያበቃ ሸሽቶ ማምለጥ አይቻልም።

ማንኛውም ሥራ የሚጀመረው ሞተሩን በቁልፍ አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በመንቀል ነው፤ ይሁን እንጂ ገመዱ ተነቀለ ማለት አደጋው ተወገደ ማለት አይደለም። በኤርባጉ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ለአጭር ጊዜ የሚያከማች ዕቃ፣ ግጭቱ ባትሪውን ቢያወድም እንኳ ከረጢቱ እንዲነፋ ታስቦ የተገጠመ ስለሆነ ባትሪው ከተለየ በኋላም ኃይሉን ይዞ ይቆያል። የመጠበቂያው ጊዜ እንደ አምራቹ ይለያያል፦ ቶዮታ ለብዙ ሞዴሎቹ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሆንዳ 3 ደቂቃ የሚያዝዙ ሲሆን ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚጠይቁም አሉ። ከጥንቃቄዎቹ ሁሉ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይህን ያህል በጥድፊያ የሚጣስ ያለ አይመስልም።

የኤርባግ ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሲነቀሉ የመለኮሻውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ የሚያገናኝ ስስ ብረት በውስጣቸው ስላለ በባዘነ ኤሌክትሪክ የመለኮስ ዕድሉን ይቀንሳሉ። መለኮሻውን በተራ ቴስተር መለካት ግን የተከለከለ ነው። የመለኮሻው ሽቦ 2 ኦም ገደማ ተቃውሞ ብቻ ያለው ሲሆን፣ 1.2 አምፔር ያህል ለ2 ሚሊ ሰከንድ ካለፈበት ይለኮሳል። የዘመኑ ዲጂታል ቴስተሮች ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢልኩም በየጋራዡ ያለው መሣሪያ ሁሉ ምን ያህል እንደሚልክ ማረጋገጫ ስለሌለ፣ ምርመራው በተሽከርካሪው የስህተት ኮድ ማንበቢያ ይከናወናል።

የተፈታ ኤርባግ ሽፋኑ ከሰውነት በተቃራኒ አቅጣጫ ሆኖ ይያዛል፣ ጠረጴዛ ላይም ሽፋኑ ወደ ላይ ዞሮ ይቀመጣል፤ ተደፍቶ ተቀምጦ ቢፈነዳ ዕቃው ራሱ ወደ ላይ ይወረወራልና። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ቀስት ወደ መኪናው ፊት መጠቆም ያለበት ሲሆን፣ ሳጥኑ በብሎን ሳይጠብቅ ባትሪው መገናኘት የለበትም፤ ባትላሜራም መኪናውን ከመቀጥቀጡ ወይም ከመበየዱ በፊት ይኸው የማቋረጥ ሥርዓት ሊፈጸም ይገባል።

ኤርባግን ከሙቀትና ከእርጥበት መጠበቅም ከጥንቃቄዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የጃፓኑ ኤርባግ አምራች የታካታ ጉዳይ አሳይቷል። የኩባንያው ብዙ መንፊያዎች አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀሙ ነበር፤ ኬሚካሉ ለዓመታት በእርጥበትና በሙቀት መፈራረቅ ሲጎዳ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ እየነደደ የብረት ማቀፊያውን ሰባብሮ ስብርባሪውን በተሳፋሪዎች ላይ ረጨ። በዩናይትድ ስቴትስ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል መንፊያዎች እንዲመለሱ ታዝዟል፤ ኩባንያውም በ2017 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። መኪናው እንዲህ ያለ የመመለሻ ትእዛዝ የተላለፈበት መሆኑን በሻሲ ቁጥሩ ሳያጣሩ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ኤርባግ ገዝቶ መግጠም አደጋውን ከአንድ መኪና ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

የፈነዳ ኤርባግ የብረት ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ እጅን የሚያቃጥል ግለት ስለሚኖረው፣ ዱቄቱም ዓይንና ቆዳን ሊቆጠቁጥ ስለሚችል በጓንትና በመነጽር ይነሳል። የፈነዳውን በአዲስ በመተካት ፈንታ በሶኬቱ ላይ ሬዚስተር አስሮ የዳሽቦርዱን መብራት ማጥፋት ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ያገለገሉ መኪናዎች በብዛት በሚገቡባቸው አገሮች ያሉ ገዢዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ማታለያ ነው። ጤናማ ሥርዓት ያለው መኪና ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ ይጠፋል፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሬዚስተር የታሰረበት ግን መብራቱ እንደ ጤናማው በርቶ ስለሚጠፋ፣ ከረጢቱ መኖሩ የሚረጋገጠው ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ባትሪውን ለይቶ ሽፋኑን ሲከፍት ነው።